እጅ ለሌላት እጅጌ

ልብስ ሰፊዋ ነገሩን የሰማችው ከንፈሯ ላይ ስፒል እንደያዘች ነው፤ አለዚያማ ትመልስ ነበር። ሙሽራዋ ቬሎዋን ለመለካት ከጥጉ መጋረጃ ኋላ ገብታ ልብሷን ልታወልቅ ስትል እናትየዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት፣ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ራቁቱን የተገተረ ወንድ እያፈጠጠብሽ!» አለቻት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ልብስ ሰፊዋ ስቃ ታልፈው ነበር፤ እሷም ብትሆን መጀመሪያ ሰሞን ካውያ ስትይዝ ግድግዳው ላይ ለተሰቀሉት ሥዕሎች ጀርባዋን ትሰጥ ነበርና። እናትየዋ ግን አፏን ከከፈተች ወዲያ ቶሎ የምትዘጋ ዓይነት አልነበረችም። «የምታሳድጋት ልጅ ናት አሉ የሰቀለችው። አስቢው እስቲ፣ ሴት ልጅ ከዚህ መሀል ተኝታ ከዚህ መሀል ስትነሳ። እንደው ከእንዲህ ያለ ቤት ምን ይወጣል?» ልብስ ሰፊዋ ስፒሉን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን መሸፈኛ ሻሽ ስታያይዝ ቆየች። ስፒሉ ሲያልቅ መልሱም አብሮ አለቀባት። ደንበኛ ደንበኛ ነው፤ ለዚያውም የሙሽራ እናት። መጋረጃው ሲገለጥ ፈገግ ብላ «ወገቡ ጠበበሽ እንዴ የኔ ቆንጆ?» አለች፤ ያቺ ጥያቄ ግን ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብላ ቀረች።

ሲወጡ እናትየዋ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «ከሰዓት በኋላ ከአማቷ ጋር ነው የምንመጣው። ሴትዮዋ ቁጥብ ናት፤ እንደኔ ሆደ ሰፊ እንዳትመስልሽ። ቤትሽን ትንሽ መልክ አስይዢው» አለቻት፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ጥላ ነው ታዲያ።

እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ግድግዳ መሆኑን ካቆመ ሰነባብቷል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የውስጠኛው፣ አክስትና የእህት ልጅ የሚተኙበት፣ እርጥበት ስላለው ወረቀት አያስጠጋም፤ የለጠፉበትን ሁሉ ሲነጋ መሬት ላይ ያገኙታል። የፊተኛው ደግሞ የስፌት መኪናው፣ የካውያው ጠረጴዛ፣ ቁመት ሙሉ መስታወትና የመለኪያው መጋረጃ ያሉበት ነው። ልጅቱ ሥዕሎቿን የሰቀለችው እዚህ ነው፤ ከበሩ ጀምራ፣ መስታወቱን ዞራ፣ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ አድርጋ፣ እስከ መስኮቱ። በሩ አጠገብ የጥንት ሰዎች አሉ፤ መስታወቱ ጋ ግሪኮች፤ ካውያው ጋ የህዳሴው ዘመን ሊቃውንት፤ መስኮቱ ጋ ትናንት የሞቱ የሚባሉት። ከበር ወደ መስኮት ጊዜ ይሄዳል ማለት ነው። ቤቱም በዚሁ መነጋገር ለምዷል። «መቀሱን አየሽልኝ?» «ግሪኮቹ ሥር ነው።» የሰፈሩ ሰው ልጅቱን «ሙዚየም» እያለ ነው የሚጠራት፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማብቂያ ላይ የሚሰጠውን ከፍተኛውን የሥነ ጥበብ ታሪክ ፈተና ልጅቱ አምና ተፈትና ወድቃለች። ፈተናው እንዲህ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ አንድ ሥዕል ወይም ሐውልት ግድግዳው ላይ ይበራል፣ ስም የለው፣ ዘመን የለው፤ ምን እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደተሠራ በምክንያት መጻፍ ነው። አምና መብራቱ ሲጠፋ ያጠናችው ሁሉ ተቀላቀለባት፤ ዋናውን ቅጂው ነው፣ ቅጂውን ዋናው ነው ብላ ጽፋ ወጣች። ልትገባበት የምትመኘው፣ ያረጁ ሥዕሎችን መጠገን የሚያስተምረው ኮሌጅ ያለዚህ ፈተና አይቀበልም፤ ሁለቴ የወደቀን ደግሞ ዳግመኛ አያይም። ነገ ጠዋት እንግዲህ ሁለተኛና የመጨረሻ ዕድሏ ናት። መምህሯ ነው በዓመቱ መጀመሪያ «ነገር ቦታ ሲኖረው አይጠፋም፤ ቤትሽ ውስጥ ቦታ ስጪያቸው» ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ወፋፍራም፣ የሚያብረቀርቁ ኅትመቶች ያዋሳት። እሷም ሰቅላ ስትጨርስ አክስቷን ትከሻዋን ይዛ፣ «ከፈለግሽ እኔን አውርጂኝ፤ እነሱን ግን ከቦታቸው አትንኪብኝ» አለቻት።

አክስት አልነካችም። እንዲያውም አመሻሽ ላይ፣ መኪናው ሲዘጋ፣ የእንጨት ማስመሪያዋን ይዛ ግድግዳውን እየጠቆመች መጠየቅ የዘወትር ሥራዋ ሆነ። ትክክለኛ ስማቸው ምላሷን ስለሚያስቸግራት የራሷን ሰጥታቸዋለች። ከድንጋይ የተፈለፈለችው ትንሿ ወፍራም ሴት «ድንቡሼ» ናት። ክብ ነገር ሊወረውር የተጠማዘዘው ወጣት «ወርዋሪው»። ትከሻው ላይ ወንጭፍ ያንጠለጠለው «ባለወንጭፉ»። አገጩን በእጁ ደግፎ የተቀመጠው «ሐሳባሙ»። ከሁሉም የምትወዳት ደግሞ ሁለት እጇ የተቆረጠው፣ ከወገቧ በታች የለበሰችው የግሪክ እመቤት ናት፤ «ጉርዷን ለብሳ ሸሚዟን ረስታ» ትላታለች፣ ስሟ ግን «እጅ የሌላት» ነው። ልጅቱ አንድ ቀን ይህቺው ሴት ክብደቷን በአንድ እግሯ ላይ ጥላ ሌላውን ጉልበቷን ማጠፏ ድንጋዩን ሕያው እንዳስመሰለው ስታስረዳት አክስት፣ «ምን ሕያው አስመሰለው ትያለሽ፣ ወረፋ ሰልችቷት ነው» አለቻት። ልጅቱ ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

እንግዲህ ሙሽራዋና እናቷ ሲሄዱ ልብስ ሰፊዋ መሀል ቤት ቆማ ግድግዳውን አየችው። ማውረድ አይቻልም። አንሶላ ልታለብሰው ሞከረች፤ ቤቱ ሰው የሞተበት መስሎ አስደነገጣት። ወረቀት በላያቸው ልትሰካ ስፒል አነሳች፤ የመምህሩን ኅትመት መብሳት ሆነባት። ዓይኗ የካውያው ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ግን ሐሳቡ እንደ ድንገተኛ ዝናብ መጣባት። ለኮሌታ የምትጠቀምበት፣ በሁለት ወገኑ ሙጫ ያለው፣ በካውያ ሙቀት ብቻ ጨርቅ የሚያጣብቅ ስስ ገበር አለ፤ መርፌ አያሻውም። ሳቲን ላይ ያለቦታው ሲጣበቅባት ትኩስ ካውያ አስነክታ ስታነሣው ዱካ ሳይተው ይነሣል። ሰዎቹን እዚያው ባሉበት አልብሶ፣ እንግዶቹን ሸኝቶ፣ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ ማውለቅ ነው። የዚህን ያህል ብልህ መሆኗን እሷም አታውቅም ነበር።

የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያዋን ዘረገፈች። መጀመሪያ «ለዛሬ ብቻ ነው» እያለች በጥድፊያ ነበር፤ እየቆየች ግን እጇ ገባበት፣ ጥድፊያውም ተረሳ። ሠላሳ ዓመት ሰው ስታለብስ ኖራ እንዲህ ያለ ደንበኛ አግኝታ አታውቅም፤ አይንቀሳቀስ፣ ወገቤን አሳነስሽው አይል፣ ልኩን ሲወስዱት ሆዱን አያስገባ። ለወርዋሪው ግራጫ ቁምጣ አደረገችለት፤ ጭኑ ጋ ትንሽ ከፈት አደረገችው፣ እንዲያ ተጠማዝዞ ሊወረውር ጨርቁ እንዳይዘው። ድንቡሼን ሰፊ አበባማ ቀሚስ አለበሰቻት፤ እንዲህ ያለ ሰውነት ላይ መቀነት እንደማይሆን ታውቃለች። ለባለወንጭፉ ሱሪ ቀደደች፤ አጠረው፣ ግን ወጣት ስለሆነ ያድጋል ብላ ተወችው። ለሐሳባሙ ካፖርት አደረገችለት፤ ያን ያህል ሰዓት ቁጭ ብሎ ብርድ ይመታዋል። ክንፍ ያላትና ራስ የሌላት ሌላዋ ግሪክ ግን ድሮውኑ ለብሳ ነው የተሠራችው፤ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷ ነፋሱ ላይ ሲሸበሸብ ቀረብ ብላ አይታ፣ «ራስ የላትም እንጂ ልብስስ ታውቅበታለች» ብላ አለፈቻት።

እጅ የሌላት ጋ ስትደርስ ካውያውን አስቀመጠች። ሸሚዝ ያስፈልጋታል፤ ሸሚዙ ደግሞ እጅጌ አልባ ቢሆን ጉዳቷ ያው እንደተገለጠ ነው። ጥቂት አሰበችና የሙሽራዋ ሚዜዎች ልብስ ከተሰፋበት ሰማያዊ ሐር ቀንሳ ለሸሚዙ እጅጌ አበጀችለት፤ ከትከሻው ሽንሽን ያለው፣ ከታች ሰብሰብ ብሎ በአንጓ የሚያዝ። ባዶው እጅጌ በሁለቱ ጎኗ ወርዶ ተንጠለጠለ። «እጅ ባይኖርሽ እጅጌ ይኑርሽ እናቴ» አለቻት፤ ቤት ውስጥ ሰው ስላልነበረ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ካውያውን በስሱ አስነካችላት።

እንግዶቹ መጡ። ቁጥብ የተባለችው አማት ገብታ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችና «የፋሽን ሥዕል ነው?» ብላ ጠየቀች። የሙሽራዋ እናት ዓይኗ ፈጦ ቀረ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ መስታወቱ ፊት እንደቆመች አንዴ ወደ ራሷ፣ አንዴ ወደ ግሪኮቹ ታይ ነበር። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ የኔ እጅጌ እንደዚያችኛዋ ቢሆንስ?» አለች። «እሷ እኮ እጅ የላትም» አለች እናቷ። «እጅጌዋን ነው ያልኩት እማዬ!» አማትየዋ ሳቀች፤ ስትስቅ ቁጥብነቷ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። ልብስ ሰፊዋም ሸኝታቸው በሩን ስትዘጋ ቀኑ ተሳካ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እሷ እየሮጠች ያስታጠቀቻቸው ግን አልፈታ አሉ። ወረቀት ሳቲን አይደለም። ከምትወዳት ጀመረች፤ ካውያውን አስነክታ፣ ሰማያዊውን ሐር በጥፍሯ ይዛ ቀስ ብላ ሳበች። ጨርቁ ተነሣ፤ አብሮትም የሴትዮዋ ደረትና ሆድ ተነሣ። ኅትመቱ ላይ ራስና ጉርድ፣ መሀሉ ላይ ነጭ የተላጠ ወረቀት ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ገልብጣ ብታየው ገላዋ ሙጫው ላይ ተለጥፎ እንደ ጥላ ይታያል። የቀሩትን ሳትነካ ካውያውን ከሶኬት ነቀለችው። የመኪናው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «የልጄን ፈተና በእጄ አበላሸሁት» አለች። ብዙ ነገር አበላሽታ ታውቃለች፤ ሙሉ ልብስ አቃጥላለች፣ የሰው ቀሚስ አሳጥራለች፤ ይህን ያህል ግን ፈርታ አታውቅም።

የተላጠችውንና ሸሚዟን መሳቢያ ውስጥ ደብቃ፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መንገዱ ማዶ ፎቶኮፒ ቤት ሮጠች። ባለፎቶኮፒው ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ እጅ የሌላቸውን ሴቶች ደርድሮ አሳያት። «የትኛዋን ነው እትዬ?» እንደዚህ ብዙ እጅ የሌለው ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አታውቅም ነበር። ጉርድ የለበሰችውን አይታ «እሷን» አለች። ማሽኑ ቀለሙ እያለቀ ስለነበር ሴትዮዋ አረንጓዴ ሆና ወጣች፤ የበዓል ካርድ ዋጋ ጠየቃት፣ ሳትከራከር ከፈለች። እቤት ገብታ ባዶው ቦታ ላይ ሰቀለቻትና ራቅ ብላ አየቻት። ትንሽ ሕመምተኛ መሰለች እንጂ ታልፋለች ብላ ራሷን አጽናናች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ልጅቱ ቦርሳዋን በሩ ላይ ሳታወርድ ነው ያወቀችው። «ይቺ ማን ናት?»

«እጅ የሌላት ናታ።»

«አይደለችም አክስቴ። ይቺ ሮማውያን ቀድተው የሠሯት ቅጂ ናት። አንገቷን እያት፣ አቀርቅራለች። የኛዋ ቀና ብላ ሩቅ ነው የምታየው።» ይህን ብላ ዞር ስትል የቀሩትን አየች። ቁምጣውን፣ ካፖርቱን፣ አበባማውን ቀሚስ። እጇን ዘርግታ የባለወንጭፉን ሱሪ ጫፍ በጥፍሯ ሞከረችው፤ አልላቀቅ አላት። ፊቷ ቀስ እያለ ነጣ። አክስት የሙሽራዋን እናት ነገር አፏ ላይ አድርሳ መለሰችው። ነገ ፈተና ላለባት ልጅ «ከእንዲህ ያለ ቤት ምን ይወጣል» የሚል ቃል አቀብሎ ማስተኛት አይሆንም። «ሰው ይመጣል ብዬ ነው» ብቻ አለች።

«በኔ አፈርሽ ማለት ነው» አለች ልጅቱ። «ዓመቱን ሙሉ በማስመሪያ ስትጠይቂኝ፣ ስታስቂኝ፣ ለካ በሆድሽ ታፍሪብኝ ነበር። እኔንም አብረሽ ጨርቅ ብታለብሺኝስ?» ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ብታላትመው ይሻል ነበር፤ በቀስታ ነው የዘጋችው። በዚህ ቤት ኩርፊያ ድምፅ የለውም። አክስት ሻይ አፍልታ በሩ ሥር አስቀመጠች፤ በሩ ትንሽ ተከፍቶ ስኒው ገባ፣ ተመልሶ ተዘጋ። ስኒው መግባቱ አንድ ነገር ነው ብላ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ክር አስገብታ ምንም ሳትሰፋ መንኮራኩሩን በእጇ ወደፊትና ወደ ኋላ ስታመላልሰው ቆየች። አረንጓዴዋ ሴትዮ አቀርቅራ ታያታለች።

ሳይጨልም በሩ ተንኳኳ። ሙሽራዋ ናት፤ ብቻዋን። የእጅጌውን ነገር ቁርጥ ልታደርግ እንደመጣች ተናገረች፤ እጅጌው ሰበብ መሆኑ ግን ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «እትዬ፣ ደግሞ ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። እሷ ያንን...» ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ፣ በቅንድቧ፣ በያዘችው ሜትር ሳይቀር ዝም በይ እያለች ወደ ውስጠኛው በር ጠቀሰቻት፤ ሙሽራዋ ግን ጥቅሻ የሚገባት አልሆነችም። «‹ሴት ልጅ እዚህ አድጋ፣ ከእንዲህ ያለ ቤት ምን ይወጣል› ስትል እኔ መሬት በዋጠኝ ነው ያልኩት። እርስዎ ደግሞ በደግነትዎ ለኛ ብለው ሥዕሉን ሁሉ...» ወሬዋን ሳትጨርስ ቀና ብትል ልጅቱ ስኒዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ሙሽራዋ ቀላች፣ እጅጌው ሽንሽን እንዲኖረው በችኮላ ተናግራ ወጣች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልጅቱ።

«ነገ ፈተና አለሽ።»

«እና እነሱን አለበስሻቸው።»

«የሴትዮዋን አፍ መስፋት አልቻልኩማ!»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች ልጅቱ። ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣ ሲላት እንባዋ ቀደመ። አክስትም እንደዚያው ሆነች። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ቆመው ሲያለቅሱ፣ ከመሀል አንዳቸው ወደ ሌላዋ ለመሄድ የጨርቁን ክምር መዞር ነበረባቸውና የዞረችው ልጅቱ ናት። ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ «የኛዋ የት አለች?» አለች። አክስት መሳቢያውን ከፍታ ሁለቱንም አወጣች፤ የተላጠውን ኅትመትና ሰማያዊውን ሸሚዝ። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ መብራቱ ሥር አገላበጠቻቸው።

«መልሰሽ አልብሻት» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። «ገላዋ ያለው ልብሷ ላይ ነው።»

ካውያው ጋለ። ልጅቱ ትከሻውን ከትከሻ፣ ወገቡን ከወገብ እያጋጠመች ያዘች፤ አክስት እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋ በስሱ አስነካች። ሴትዮዋ ተመልሳ ሙሉ ሆነች፤ ብቻ ልብሷን ከእንግዲህ አታወልቅም። ዳሩ ላይ ትንሽ ነጭ መስመር ቀረ። አክስት በሰማያዊ ክር ልትሸፍነው መርፌ ስታነሣ ልጅቱ እጇን ያዘቻት፤ በነሱ ትምህርት የተጠገነ ነገር መጠገኑ መታየት አለበት፣ ጠጋኝ አይዋሽም አለቻት። «በኛ ሙያ ደግሞ ስፌቱ የታየበት ሰፊ እንጀራውን ያጣል» አለች አክስት፤ መርፌውን ግን መለሰች።

አረንጓዴዋን አውርደው የራሳቸውን ሰቀሉ። የቀሩትን ለማውለቅ የደፈረ የለም። «እንዲህ ሆነው እንዴት ታጠኚያቸዋለሽ?» አለች አክስት። ልጅቱ ማስመሪያውን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠቻት። ከበሩ ጀመሩ። ልጅቱ በየሥዕሉ ፊት ቆማ የሚታየውን ትናገራለች፤ የሚታየው ደግሞ ራስና አንገት፣ እጅና እግር ብቻ ነው። ድንቡሼን በተጎነጎነው ፀጉሯ፣ ወርዋሪውን መሬቱን በቆነጠጡት የእግሩ ጣቶች፣ ባለወንጭፉን ለሰውነቱ በገዘፈው ቀኝ እጁ። ዘመኑን፣ አገሩን፣ ምክንያቱን እየጨመረች ሄደች። ሐሳባሙ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ፣ «ይገርማል፣ ቀኝ ክርኑን ያስደገፈው ግራ ጭኑ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አላየሁትም ነበር» አለች። አክስት ተነስታ ወንበሩ ላይ ሞከረችው፤ ወገቧን አመማት። «አይ፣ ይኼስ የሚያስበው የወገቡን ነገር ነው» አለች። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አንድም አልተቀላቀለባትም ነበር፤ ሁለቱም ይህን አስተውለዋል፣ ማንኛቸውም ግን እንዳይሟርቱበት አልተናገሩትም።

እራት እየበሉ ልጅቱ አንድ ነገር አጫወተቻት። ድሮ አንድ ታላቅ ሠዓሊ የጸሎት ቤት ግድግዳ ሙሉ ራቁት ሰዎች ሥሎ ኖሯል፤ ሲሞት ሹማምንቱ ነውር ነው ብለው ሌላ ሠዓሊ፣ ለዚያውም ወዳጁን፣ ሄደህ አልብሳቸው ብለው አዘዙት። ሰውዬው ወጥቶ በየወገባቸው ጨርቅ ሣለላቸው። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ሥዕል ሠርቶ የሰው አፍ የያዘለት ስም «ሱሪ ሰፊው» ብቻ ሆነ። አክስት ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ሱሪዎቹስ አሁንም አሉ?» «ያወለቁላቸው አሉ። አንዳንዶቹን ግን ቢያወልቁት ሥሩ ስለሚጎዳ እንደለበሱ ትተዋቸዋል።» «ምስኪን» አለች አክስት፤ «ሥራ ታዞ እኮ ነው።» ልጅቱ ያኔ ነው ከልቧ የሳቀችው።

ጠዋት ኅትመቶቹን ለመምህሩ ያስረከበችው አክስት ራሷ ናት፤ ልጅቱን «አንቺ ግቢ፣ ይኼ የኔ ነው» ብላ አስገባቻት። መምህሩ ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥቅሉን ፈትቶ አንድ በአንድ ሲያገላብጥ አክስት የሆነውን ሁሉ ከስፒሉ ጀምራ ነገረችው። ሰማያዊዋ ሴት ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ነጩን መስመር ዳሰሰው። «ይህቺን የገዛኋት ተማሪ ሆኜ ነው» አለ ቀስ ብሎ። አክስት መሬቱን አየች። «እጅጌውስ ምንድን ነው?» «አሳዝናኝ ነው፣ መምህር።» መምህሩ ማገላበጡን ቀጠለ። ከዚያ የባለወንጭፉን አጭር ሱሪ ሲያይ ከንፈሩ ዳር ተንቀሳቀሰ። «በየዓመቱ ልጆቹ ራቁት ሲያዩ ይሳሳቁና እግሩን የሚያይልኝ አጣለሁ» አለ። «ለሚመጣው ዓመት በነዚህ ነው የምጀምረው። አይዘኑ።» ጥቅሉን ከበፊቱ አጥብቆ አሰረው፤ መከፋቱ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳልለቀቀው ታውቋታል። አንድ ልብስ ልስፋልዎ ማለት አማራትና አፈረች።

ሌሎች እናቶች ከበሩ ማዶ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ። አክስትም ከነሱ ጋር ቆመች። እያንዳንዷ የልጇን ነገር ታወራለች፤ የአንዷ ልጅ ሐኪም ሊሆን ነው፣ የሌላዋ አውሮፕላን ሊያበር። አክስት ሲጠይቋት «የእህቴ ልጅ ናት» ነው የምትለው፤ እህቷ ካረፈች ጀምሮ ይህንኑ ነው ስትል የኖረችው፣ የሟችን ቦታ የወሰደች እንዳይመስልባት። ዛሬ ግን ማንም ሳይጠይቃት ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ቆማለች። መብራቱ አሁን ጠፍቶ ይሆን? ቢቀላቀልባትስ? በእጇ ምንም ስላልያዘች የሹራቧን ጫፍ እያጠፈች ስትፈታ፣ እያጠፈች ስትፈታ ቆየች።

በሩ ሲከፈት ልጅቱ ከመሀል ወጣች። ፊቷ ምንም አይናገርም። ልጅቱ አክስቷ አጠገብ ደርሳ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መጀመሪያ የበራው ወርዋሪው ነው» አለች።

«እሺ?»

«ቁምጣ የለውም ነበር። አክስቴ ሙች፣ ራቁቱን ሳየው አፈርኩ!»

«አወቅሽው ወይ ነው የምልሽ!»

«ጣቶቹን አይቼ። ከዚያ አቀርቃሪዋ መጣች፣ አረንጓዴዋ። መቼም እሷን አልስታትም።» ድምፅዋ ሊሰበር ሲል በሳቅ ያዘችው። «ሁሉንም አወቅኋቸው። ሁሉንም ባሉበት ቦታ አገኘኋቸው።»

አክስት እልል ልትል አፏን ከፍታ የሰው በር መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው፤ ሳቅ ሆኖ ነው የወጣው፣ እንባም ነበረበት። ሁለቱም ተደጋግፈው እንዲህ ሲስቁ አጠገባቸው የቆመችው የወደፊቱ ሐኪም እናት ዞር አለች። «ልጅዎ ናት?»

አክስት የተለመደው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የልጅቱን የታጠፈ ኮሌታ አቀናችላት፣ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለች ሰማያዊ ክር ነቀለችላትና፣

«ከኔ ቤት የወጣች ናት» አለች።